ሁለት ሚሊዮን የተባሉት ፈንጂዎች

መስከረም 24 ቀን 1985 ዓ.ም. የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖና የሬናሞ አማፂያን መሪ አፎንሶ ድላካማ ሮም ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ከ15 ዓመት በላይ የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በዚያ ቀን በይፋ አበቃ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1992 ነው፤ የጉዳዩ ሰነዶች ሁሉ የተጻፉት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት በዚያው አስቀምጫለሁ። በማላዊ፣ በዚምባብዌና በሌሎች ጎረቤት አገሮች ተጠልለው የነበሩ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ወደየቀያቸው ለመመለስ ተነሡ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ሲገባ ደግሞ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት የሚዞር አንድ ቁጥር ነበር፦ በሞዛምቢክ ምድር ሁለት ሚሊዮን ፈንጂ ተቀብሯል።

አገሪቱ ከፈንጂ ነጻ ሆና እስክትታወጅ ድረስ 23 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት ከመሬት የወጣውን ፈንጂ አንድ ላይ ብንደምረው ከ200,000 ብዙም አይበልጥም። በግምቱና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል የሰፋው ለምን እንደሆነ ሰነዶቹን እያገላበጡ መመርመር፣ ከጦርነት በኋላ ፈንጂ የማጽዳት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከማንኛውም የቴክኒክ መመሪያ በተሻለ ያሳያል።

ፈንጂው የአንድ ጦርነት ውርስ አይደለም። ከ1964 እስከ 1974 በተካሄደው የነጻነት ትግል ፖርቱጋሎች ከታንዛኒያ እየተሻገሩ የሚገቡትን የነጻነት ግንባሩን የፍሬሊሞን ተዋጊዎች ለመግታት በሰሜኑ ድንበር ቀበሩ፤ በቴቴ ክፍለ ሀገር ደግሞ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ይሠሩት የነበረውን የካሆራ ባሳ ግድብ በፈንጂ ቀለበት አጠሩት። በ1970ዎቹ ማብቂያ የሮዴዢያ ጦር የዚምባብዌ ነጻ አውጪዎችን መግቢያ ለመዝጋት የምዕራቡን ድንበር ቀበረ። በእርስ በርሱ ጦርነት የፍሬሊሞ መንግሥት ከተሞችን፣ ድልድዮችንና የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶዎችን ለመጠበቅ ዙሪያቸውን ቀበረ። ሬናሞ በበኩሉ መንገድና የእግር መሄጃ ላይ አጠመደ፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ፈንጂ ቀብሮ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ፈንጂ አንድ መንገድ ለዓመታት ለመዝጋት በቂ ነበር። የቤይራን የባቡር መስመር ሲጠብቅ የነበረው የዚምባብዌ ጦርም የራሱን ፈንጂ ጨመረ።

ከእነዚህ ሁሉ ወገኖች የትኛው የት እንደቀበረ በካርታ የተመዘገበው ጥቂት ነው፤ ከተመዘገበውም ላጽጂዎቹ እጅ የደረሰው ከዚያ ያንሳል። የቀበረው ወታደር ሞቷል፣ ወይም ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ በ1992 የነበረው ዋና ማስረጃ የሰው አፍ ነው። እዚያ ማሳ ላይ ላም ሞተችብን፣ በዚያ መንገድ መኪና ተቃጠለ፣ ከድልድዩ ማዶ ወታደሮች ሲቆፍሩ አይተናል። ሁለት ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በቆጠራ የተገኘ አልነበረም። በዚያው ዘመን በዓለም ዙሪያ ተቀብሯል ይባል የነበረው 100 ሚሊዮን ፈንጂም እንዲሁ በግምት የተገኘ ነው።

የገመቱትን ሰዎች ግን አልወቅስም። ጦርነቱ እንዳበቃ ዓለም ፊቱን ወደዚያ እንዲያዞር አስደንጋጭ ቁጥር ያስፈልግ ነበር፤ ለጋሾችም ገንዘብ ያወጡት ደንግጠው ነው። ጉዳቱ የመጣው በኋላ ነው። ሁለት ሚሊዮን ፈንጂ ያለበት አገር በትውልድ ዕድሜ የማይጸዳ አገር ነው። ማለቂያ የለውም ተብሎ የሚታመን ሥራ ላይ ደግሞ ማንም የማለቂያ ዕቅድ አያወጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ ውስጥ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ጅምሩ ራሱ የተጓተተ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና ዋና መንገዶችን ለማጽዳት ያወጣው ጨረታ ከስምምነቱ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲንከባለል ቆይቶ በ1994 አጋማሽ ላይ ሎንሮ፣ ሮያል ኦርድናንስና ሜኬም ለተባሉ ድርጅቶች ኅብረት ተሰጠ። ውሳኔው ብዙ ትችት አስነሣ። ሜኬም የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ አካል ነበር፤ ሬናሞን በመሣሪያ ሲደግፍ የኖረው መንግሥት ደግሞ የዚያችው አገር የአፓርታይድ መንግሥት ነው። ፈንጂ በመሥራት ያተረፈ ኢንዱስትሪ ፈንጂ በማውጣትም ሊያተርፍ ነው የሚለው ቅሬታ የዚያን ጊዜ ተነሥቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። ቅሬታው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡ ግን ጨረታ አልጠበቀም። ስደተኛው ልጆቹን አዝሎ በእነዚያው መንገዶች ገባ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። የእንግሊዙ ሄሎ ትረስት በ1993 ወደ አገሪቱ ገብቶ ሰሜኑን ያዘ፤ የኖርዌይ ሕዝባዊ እርዳታ ድርጅት መሐሉን፣ በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመ ፕሮግራም ደግሞ ደቡቡን ያዙ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሞዛምቢካውያን ነበሩ፤ ከመካከላቸው ትናንት በተለያየ ወገን ተሰልፈው ይዋጉ የነበሩ ወታደሮች አሉበት። ሄሎ ብቻውን በ22 ዓመት ውስጥ ከ1,600 በላይ ሞዛምቢካውያን ቀጥሯል።

የአንድ አምካኝ ሥራ ቀረብ ብሎ ሲታይ ይህን ይመስላል። ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ መተላለፊያ ውስጥ ተንበርክኮ ይሠራል። ከፊቱ የተጸዳውና ያልተጸዳው መሬት ድንበር ላይ ቀለም የተቀባ ዘንግ ተጋድሟል። ሌላው አምካኝ ቢያንስ 25 ሜትር ይርቃል፤ አንዱ ላይ ቢፈነዳ ሁለተኛው እንዳይጎዳ ነው። መጀመሪያ ሣሩን በእጁ እየዳሰሰ የወጥመድ ሽቦ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ከዚያ ሣሩን በመቀስ ያጭዳል። ከዘንጉ አልፎ የብረት መፈለጊያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋል። መሣሪያው ከጮኸ ድምፁ የመጣበትን ነጥብ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያም ከነጥቡ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በትንሽ መቆፈሪያ አፈሩን ከጎን በኩል እየፋቀ ይጠጋል። ከላይ አይነካም፤ ፈንጂው የሚፈነዳው ከላይ ሲጫኑት ነው።

በሞዛምቢክ በብዛት ከተገኙት አንዱ ፒኤምኤን የሚባለው የሶቪየት ፀረ ሰው ፈንጂ ነው። ክብ ነው፤ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሆዱ ውስጥ 240 ግራም ቲኤንቲ አለ። የሕፃን ልጅ ክብደት ያስነሣዋል፤ አዋቂን እግሩን ከጉልበት በላይ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አፈሩ ሲፋቅ ከሥር የሚወጣው ፈንጂ አይደለም። የጥይት ቀለህ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ሚስማር ነው፤ በቀይ አፈር ላይ ደግሞ አፈሩ ራሱ በውስጡ ባለው ብረት መሣሪያውን ያስጮኸዋል። እያንዳንዱ ጩኸት ግን እንደ ፈንጂ ተቆጥሮ በዚያው ጥንቃቄ መቆፈር አለበት። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ከጥቂት አሥር ካሬ ሜትር በላይ ላያጸዳ ይችላል።

የተጠረጠረው መሬት ስፋት የሞት ሽረት ጥያቄ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አምካኙ ባዶ መሬት ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ፈንጂ ካለበት መሬት ላይ የተቀማ ጊዜ ነው። እሱ ባዶ ማሳ ሲጠርግ በሌላ ወረዳ ገበሬ እግሩን ያጣል።

ሞዛምቢክ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነት በ1997 ፈርማ በ1998 አጸደቀች። የስምምነቱ አባል አገሮች የመጀመሪያ ስብሰባም በግንቦት ወር 1999 ማፑቶ ላይ ተደረገ፤ በፈንጂ የተጎዳች አፍሪካዊት አገር ዓለምን በቤቷ ስታስተናግድ ቀላል ነገር አልነበረም። ስምምነቱ ግዴታም አመጣ፤ በ10 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም እስከ 2009 ድረስ፣ ማጽዳት። ለዚህ አገር አቀፍ ጥናት ስላስፈለገ በካናዳ እርዳታ በመላ አገሪቱ ጥናት ተካሂዶ በ2001 ተጠናቀቀ። ጥናቱ 791 የተጎዱ መንደሮችን መዘገበ፤ በእነሱ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል። 1,374 ቦታዎች ፈንጂ አለባቸው ተብለው ተጠረጠሩ፤ ስፋታቸው በድምሩ 562 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ።

ይህ ጥናት በተለይ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አጥኚዎቹ መንደርተኛውን ሰብስበው ጠየቁ እንጂ የተጠረጠረው መሬት ውስጥ አልገቡም፤ ዓላማቸውም ፈንጂው በሰው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጫና ማወቅ ነበር። ለዚያ ዓላማ ጥሩ ጥናት ነው። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ወደ ጫካው በእጁ ጠቁሞ “ከዚያ ወዲያ አንሄድም” ሲል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በካርታው ላይ በቀይ ይቀባል። ከ1992 ጀምሮ ማንም ያልረገጠው ሰፊ መሬት አንድ ፈንጂ ይኑርበት፣ መቶ ይኑርበት፣ ወይም ምንም አይኑርበት፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ነው። በ2000 የሊምፖፖና የሳቬ ወንዞች ሞልተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የጨረሰው ጎርፍ ደግሞ ፈንጂዎቹን ከቦታቸው አንቀሳቅሷል የሚል አዲስ ስጋት ጨምሮ ነበር። 562 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለው አኃዝ የፍርሃቱን ስፋት ይለካል፤ የፈንጂውን አይለካም። ለጋሾችና ባለሥልጣናት ግን የፈንጂው ስፋት አድርገው አነበቡት።

መዝገቡ የተስተካከለው በእግር ነው። ሄሎ ካቦ ዴልጋዶን፣ ኒያሳን፣ ናምፑላንና ዛምቤዚያን ከ10 ዓመት በላይ ሲያጸዳ ቆይቶ በ2007 ጨረሰ። ከመጨረሱ በፊት ቡድኖቹ በየመንደሩ እየዞሩ የመንደር አለቆችን፣ መምህራንን፣ አዳኞችን፣ ከሰል አክሳዮችን ጠየቁ፦ የምትፈሩት ቦታ አለ? ካለ አብረን እንሂድና አሳዩን። የለም ከተባለ የአካባቢው አስተዳደር በፊርማው ያረጋግጣል። በብዙ ቦታ ለዓመታት በመዝገብ ላይ የነበረው “ፈንጂ ወረዳ” ላይ ሲደረስ ሰው አርሶት፣ በቆሎ በቅሎበት ተገኘ። ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ መዝገቡ ጨርሶ የማያውቀው ፈንጂ ወጣ።

በዚያው ዓመት መንግሥት በቀሪዎቹ ስድስት ክፍለ ሀገሮች መሠረታዊ ማጣሪያ እንዲደረግ ሥራውን ለሄሎ ሰጠ። በ2008 ያለቀው ማጣሪያ 541 ቦታዎች፣ 12.2 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቀሩ አለ። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ትክክል አይሆንም፤ የ2001ዱ ጥናት መላ አገሪቱን ሸፍኗል፣ የ2008ቱ የሰሜኑን አራት ክፍለ ሀገር አይጨምርም፣ በመሐል የተጸዳም አለ፣ ከ2008 በኋላም ተጨማሪ ቦታዎች ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ ተቀናሽ አድርገን እንኳ ለውጡ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሚያልቅ ሥራ ሆነ። ሞዛምቢክ የ2009ኙን ቀነ ገደብ ባታሟላም ማራዘሚያ ስትጠይቅ በእጇ የነበረው የሚታመን ዝርዝር ነው። አገሪቱ 128 ወረዳዎች ነበሯት፤ ከዚህ በኋላ አንድ ወረዳ ሲያልቅ ነጻ ነው እየተባለ በየተራ ይታወጅ ጀመር።

በደቡብ ጋዛ ክፍለ ሀገር ውስጥ የተሠራው ሥራ በተለይ ይታወሳል፤ ፈንጂውን ያሸተቱት አይጦች ናቸውና። አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ ሞሮጎሮ፣ በሶኮይኔ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጉንጨ ሰፊ የአፍሪካ ግዙፍ አይጦችን የቲኤንቲ ሽታ እንዲለዩ ያሠለጥናል። ሥልጠናው ዘጠኝ ወር ያህል ይወስዳል። አይጧ አንድ ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን ፈንጂው ላይ ብትቆምም አይፈነዳም። ሁለት ሠራተኞች ከመሬቱ ግራና ቀኝ ቆመው ገመድ ይወጥራሉ፤ አይጧ በገመዱ ታስራ ከአንዱ ወደ ሌላው እያሸተተች ትመላለሳለች። ሽታው ሲያጋጥማት ቆም ብላ አፈሩን ትቧጭራለች፤ ሙዝ ትሸለማለች። ቀለህና ሚስማር አያታልሏትም። 200 ካሬ ሜትር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትጨርሳለች፤ ያው መሬት ለብረት መፈለጊያ የቀናት ሥራ ነው። ፀሐይ ስለማትችል የምትሠራው በማለዳ ነው። የጠቆመችውን ነጥብ ግን አሁንም ሰው ተንበርክኮ መቆፈር አለበት።

የትኛው መሬት ይቅደም የሚለው ጥያቄ ከቴክኒኩ የበለጠ ዋጋ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ሦስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የሞዛምቢክን የማጽዳት መዝገብ ከ1992 እስከ 2015 ሰብስበው በሳተላይት ከሚታየው የሌሊት መብራት ጋር አመሳከሩት። ከሁሉ የላቀው ጥቅም የተገኘው መንገድ፣ ባቡርና የገበያ ከተማ ሲጸዳ ነው፤ አንድ ቦታ ሲከፈት ከእሱ ጋር የተያያዘው ሩቅ ወረዳ ሁሉ አብሮ ያገግማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ማጽዳቱ ይህን አልተከተለም። ለጋሾች አገሪቱን ተከፋፍለው እያንዳንዱ በያዘው ክልል ሠራ። ቤይራን ከሞአቲዜ የድንጋይ ከሰል ጋር የሚያገናኘው የሴና ባቡር መስመር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ዓመታት አለፉት እንጂ አልተጸዳም። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮኑ ቁጥርም ይከፋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ በ2001፣ የኢትዮጵያ የፈንጂ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከ2002 እስከ 2004 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ እሱም እንደ ሞዛምቢኩ መንደርተኛውን በመጠየቅ የተሠራ፣ 1,492 የተጎዱ መንደሮችንና 1,916 የተጠረጠሩ ቦታዎችን መዘገበ፤ የሚበዙት በትግራይ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልል ነበሩ። በፈንጂና ባልፈነዳ ተተኳሽ የሞቱና የቆሰሉ ከ16,000 በላይ ሰዎችንም ቆጠረ። በኋላ ቡድኖች ቦታው ላይ እየደረሱ ሲያጣሩ ከ1,916ቱ የሚበዙት ከዝርዝሩ ወጡ። ኢትዮጵያም የኦታዋውን ስምምነት በ1997 ፈርማ ነበር፤ ያጸደቀችው ግን በ2004 ስለሆነ ቀነ ገደቧ 2015 ሆነ። ሞዛምቢክ ሥራዋን በጨረሰችበት በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ እስከ 2020 ተራዘመላት፤ ከዚያም እስከ 2025 መጨረሻ። በመሐል በ2020 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ያልፈነዳ ተተኳሽ በየማሳውና በየትምህርት ቤቱ ጥሎ አለፈ። በ2004ቱ ዝርዝር ውስጥ የሌሉ ቦታዎች አሁን ሌላ ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ ይህን ዝርዝር ገና በጠዋቱ ከአርሶ አደሩ ጋር በእግር እየዞሩ ማዘጋጀት እንደሚቻል የሞዛምቢክ 2008 ያሳያል።

የሞዛምቢክ የመጨረሻ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በ2013 ፍሬሊሞና ሬናሞ በሶፋላ እንደገና ተታኮሱ፤ ከቀሩት ፈንጂዎች ከፊሉ የነበሩት ደግሞ በዚያው ክፍለ ሀገር ስለሆነ አጽጂዎቹ ሊገቡ አልቻሉም። በ2014 ሰኔ ላይ የኦታዋ ስምምነት አባላት ለግምገማ እንደገና ማፑቶ ሲሰበሰቡ አስተናጋጇ ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር። በዚያው ዓመት ተኩስ ቆመ፤ ቡድኖቹ ተመለሱ። የመጨረሻው ፈንጂ የተገኘው በሶፋላ፣ በአንድ የባቡር ድልድይ ሥር ነው። መስከረም 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2015፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኦልዴሚሮ ባሎይ ማፑቶ ላይ አገራቸው ከሚታወቅ ፈንጂ ሁሉ ነጻ መሆኗን አወጁ።

በዚያን ጊዜ ሄሎ ያወጣው ፈንጂ 171,000 ደርሶ ነበር፤ ይህም በአገሪቱ ከጸዳው 80 በመቶ ገደማ ነው። ሰው ረግጦት የፈነዳው፣ ወታደር በራሱ ያወጣው፣ ገበሬ አንሥቶ የጣለው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ሆኖም ያ ሁሉ ቢደመር እንኳ ሁለት ሚሊዮን አይደርስም።

አዋጁ “የሚታወቅ” የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ተጠቅሟል። በኢኛምባኔ ክፍለ ሀገር ውስጥ አራት ትንንሽ የተጠረጠሩ ቦታዎች ውኃ ሸፍኗቸው ስለነበር ሊጸዱ አልቻሉም፤ ስፋታቸው በድምሩ 2,000 ካሬ ሜትር አይሞላም። መንግሥት አልደበቃቸውም። ውኃው ሲሸሽ እንደሚጸዱ ጽፎ ለስምምነቱ አባል አገሮች አስታውቋል።